የሚሊሜትር ትንፋሽ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። እንዲህ ብዬ ብቻ ባልፍ ይቀየመኛል፤ እሱ ራሱን የሚያስተዋውቀው «ወንድ ልጅን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ባለሙያ» እያለ ነው። ሰፈሩ ግን ሚሊሜትር ይለዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ ሰክቶ፣ የደንበኛ ትከሻ ላይ ዐይኑን አጥብቦ «እዚህ ጋ ሁለት ሚሊ ይቀነሳል» እያለ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ሚሊ ለማንም አይታይም። ለእሱ ግን ይታየዋል፤ ሰፈሩም «ይቺ ሁለት ሚሊ እንቅልፍ እየነሳችው ነው» እያለ ያሾፍበት ነበር። እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

እኔ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነኝ። የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ክዳን አንስቼ ቁጥር እጽፋለሁ። ላጤ ስለሆንኩ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው። የቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ ሱቁ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ሁለት መኝታ ክፍሎች አሉ፣ አንዱ የእነሱ፣ አንዱ የእኔ። መሃላቸው ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው። ስለዚህ የሚሊሜትርን ማንኮራፋት እህቴ ከዚያ ወገን ሆና ስትሰማው እኔ ከዚህ ወገን እሰማው ነበር።

ማንኮራፋት የሚለው ቃል ያንሰዋል። ሲጀምር ሲሚንቶ ወለል ላይ ከባድ ጠረጴዛ የሚጎትት ሰውዬ ያለ ይመስላል። ከዚያ ጠረጴዛውን አንድ ነገር ይይዘውና ቀጥ ይላል። ጸጥ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰውየው በንዴት መንጭቆ ያስለቅቀውና ጉተታው ይቀጥላል። እንዲህ እያለ ይነጋል።

አንድ ሌሊት እህቴ ትራሷን ታቅፋ ወደ እኔ ክፍል መጣች። «በቃኝ። እኔ የቁልፍ ቀዳዳ የምሰፋ ሴት ነኝ፣ ዐይኔ ሊጠፋ ነው» አለች። የሱቁን የእጅ ሥራ፣ ቁልፉን፣ ገበሩን፣ ጠርዙን የምትጨርሰው እሷ ናት። ታላቄ ስለሆነች ደግሞ ክርክር የለም። አልጋዬን ወሰደች፤ እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት ሶፋ ላይ ተጣልኩ። ሶፋው ለሁለት ሰው መቀመጫ እንጂ ለአንድ ሰው መኝታ አልተሠራም። ከራስጌዬ፣ መስኮቱ ጋ፣ የፕላስቲክ ሰውዬ ቆሟል። ሁልጊዜ የሠርግ ሱፍ ስለሚለብስ «ሙሽራው» እንለዋለን። ፀጉር የለውም፣ አፍንጫ ግን አለው። አፍንጫውን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሚሊሜትር ራሱ ታምሜአለሁ ብሎ አያውቅም። «እኔ እኮ አልጋ ሲነካኝ እንደ ድንጋይ ነኝ» ይላል አፉን ሞልቶ። ችግሩ ወንበርም ሲነካው እንደ ድንጋይ መሆኑ ነው። ካውያ እያሞቀ ያንቀላፋል፣ ሻይ እያማሰለ ያንቀላፋል። አንድ ጊዜ የስፌት መኪናውን እየረገጠ አንቀላፍቶ የአንድን ኮት እጅጌ ጫፉ ላይ ዘግቶ ሰፋው። ባለ ኮቱ እጁን አስገብቶ መውጫ አጣ። ሚሊሜትር ዐይኑን በጨው አጥቦ «ለብርድ ነው» አለው።

የመጨረሻው ግን ጡረተኛው ዳኛ ላይ የደረሰው ነው። ዳኛው የሱሪያቸውን እግር ሊያስለኩ መጥተው መስታወቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሚሊሜትር ተንበርክኮ ስፒል ይሰካ ጀመር። አንዱን ሰክቶ ሁለተኛውን ከአፉ ሊያወጣ ሲል ግንባሩን የዳኛው ጉልበት ላይ ጣል አድርጎ ተኛ። ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሊቀሰቅሱት አልፈለጉም። እህቴ ከገበያ ስትመለስ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃነቁ ቆመው፣ እግራቸው ደንዝዞ አገኘቻቸው። «ቀስ በይ፣ ደክሞታል» አሏት በሹክሹክታ። እህቴ ግን ያየችው ፊቱን ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ በከንፈሩ መሃል አራት ስፒል አለ። ሰፈሩ ይህን ነገር ሲሰማ ሳምንት ሳቀበት። እህቴ አልሳቀችም። በማግስቱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

እዚያ አንድ ሌሊት ራሱና ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙት። ውጤቱን ልንሰማ የሄድን ቀን እህቴ ሱቁን ጠበቀች፣ እኔ አብሬው ሄድኩ።

«ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል» አለችው ሐኪሟ። «በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ትንፋሽዎ ይቋረጣል።»

«ልክ አርባ አንድ ነው ወይስ አርባ አንድ ገደማ?»

«ልክ አርባ አንድ። ልብዎ በያንዳንዱ ሲደነግጥ ነው የሚያድረው። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ይደክመዋል።»

ቤት ስንደርስ ለእህቴ ሁሉንም ነገራት፣ ይህቺን የመጨረሻዋን ብቻ ዘለላት። እኔም ዘለልኩለት።

የመተንፈሻ ማሽን የሰጠችን አንዲት ነርስ ናት። የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጣ ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍንጫን የሚሸፍን ለስላሳ ማስክ፣ ማስኩን ከራስ ጋር የሚያስር ማሰሪያ። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይነፋል፤ አየሩ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ለሠላሳ ቀን ሙከራ ነው» አለች። «ከሠላሳው ቢያንስ ሃያውን ቀን፣ በቀን አራት አራት ሰዓት መጠቀም አለብዎት። ማሽኑ ራሱ እየቆጠረ ይልክልናል። ሃያ ከሞላ እርስዎ ጋ ይቀራል። ካልሞላ ተራ ለሚጠብቀው ሰው እንሰጠዋለን፣ እርስዎም ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋሉ። ወረፋው አሁን አንድ ዓመት ተኩል ነው።»

ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ማሽኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ነርሷ ቀጥላ ማስኩ እንዴት እንደሚገጠም ታስረዳ ጀመር። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሁለታችንም አልሰማናትም። ሚሊሜትር ማሰሪያውን ገልብጦ ስፌቱን ይመረምር ነበር። «ይቺን ማን ሰፋት?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ክሩ ልል ነው። ጠርዙንም ተመልከተው።» እኔ ደግሞ ጥግ ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ዐይቼ በቀን ስንት ሊትር እንደሚያባክን በልቤ አሰላ ነበር። ነርሷ ስትጨርስ «ገባችሁ?» አለች። «እንዴታ» አልን ሁለታችንም።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ሚሊሜትር ሱቅ ውስጥ ትልቁ መስታወት ፊት ቆመ። ትከሻውን ነፋ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ማስኩን አጠለቀና ማሰሪያውን ግራ ቀኝ እያየ ጠበቅ አደረገው። ወደ ጎን ዞሮ ራሱን ዐየ። «አለቀ። በልኩ ነው» አለና ሊተኛ ሄደ። ጋደም እንዳለ ግን አየሩ በማስኩ ጠርዝ እያፏጨ ወደ ዐይኑ ይነፋ ጀመር። አርባ ደቂቃ ታግሎ አውልቆ ወረወረው።

ልብስ ሰፊ ልብስ አልገጥም ሲል የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያጠበዋል። በማግስቱ ማሰሪያውን ሦስት ሚሊ ወደ ውስጥ ሰፋው፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ለካው፣ በልኩ ነው አለ። ተኛ፣ አፏጨ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሦስት ሚሊ። እንዲህ እያለ በአምስተኛው ቀን ጉንጩ ላይ ካውያ የተረሳበት ሱሪ የመሰለ መስመር ወጣበት፤ ደንበኞች «ከማን ጋር ተጣላህ?» ይሉት ጀመር። እኔ ስለ ማፍሰስ ከማንም በላይ ዐውቃለሁ ብዬ ስለማምን ለቧንቧ የምንጠመጥመውን ነጭ ጥቅል አምጥቼ በማስኩ ጠርዝ ዙሪያ እንዲጠመጥምበት መከርኩት። ነጩ ጥቅል ሌሊት ተተርትሮ አፉ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ምክር አልጠየቀኝም።

በሰባተኛው ቀን የማሽኑን ቁጥር አብረን አየን። ከሁሉም የበለጠችው ሌሊት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ናት። አራት ሰዓት የሞላ አንድም የለም። ሚሊሜትር የቀሩትን ቀናት በጣቱ ቆጠረ።

በማግስቱ ማታ ሶፋዬ ላይ ተጣጥፌ ሳለ ማሽኑን ታቅፎ መጣ። ሙሽራው እግር ሥር አስቀመጠው፣ ሰካው፣ ማስኩን ለሙሽራው አጠለቀለት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና ማሰሪያውን አንድ ሚሊ አጠበቀ። አየሩ ሲለቀቅ ምንም አላፏጨም።

«አየህ?» አለኝ። «ፊት ማለት ይሄ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያስጠይቅም?»

«ምን ያስጠይቃል? ማሽኑ እንደሆነ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። እኔ ማሰሪያውን አስተካክዬ እስክጨርስ ይቁጠርልኝ። ሦስት ሌሊት ብቻ።»

«እትዬ ብትሰማስ?»

«ማን ይነግራታል?» ብሎ ዐይን ዐይኔን ዐየኝ። «ያቺን ግራጫ ጨርቅ አስታወስካት? አንድ ሱሪ ይወጣታል።»

ለሱሪ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ለሱሪውም ብዬ ነው። ዋናው ግን ማሽኑ ከተወሰደ እህቴ ከአልጋዬ ዓመት ተኩል አትነሳም፣ እኔም ሶፋው ላይ እንደ ተጣጠፍኩ አረጃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ስለዚህ ሙሽራው ሦስት ሌሊት ከራስጌዬ ቆሞ አየር ሲነፋለት አደረ። ጠዋት ጠዋት ሚሊሜትር ማስኩን ያወልቅለትና ቁጥሩን አንብቦ «ሰባት ሰዓት!» እያለ እጁን ያፋትጋል። እህቴም በእነዚያ ሦስት ጠዋቶች ፊቷ ፈካ ብሎ ተነሳች። ቁልፍ እየሰፋች ስታንጎራጉር ሰማኋት። «ማሽኑ ሳይስማማው አልቀረም» አለችኝ። እኔ የቆጣሪ ደብተሬን አንስቼ ወጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የሱቁ ስልክ ጮኸ። እህቴ አነሳችው። የደወለችው ነርሷ ናት፤ በየአሥር ቀኑ ማሽኖቹ የላኩትን ትመለከታለች። ስልኩ የስፌት መኪናውን ጩኸት እንዲያልፍ ድምፁ እስከ መጨረሻው የተለቀቀ ስለሆነ ሁላችንም እንሰማ ነበር።

«ባለቤታቸው ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«እንደው... እሳቸው ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። ይኸው ካውያ እያሞቀ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እህቴ ዞር ብላ ዐየችው። ካውያውን እንደያዘ ዐይኑ ሊከደን ምንም አልቀረውም። «ምነው?» አለች።

«እዚህ የመጣልኝ ነገር ግራ ቢገባኝ ነው። ባለፉት ሦስት ሌሊቶች ሰባት ሰባት ሰዓት ተጠቅመዋል፤ ጥሩ ነው። ግን በሃያ አንዱ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜም አልተነፈሱም።»

የሚሊሜትር እንቅልፍ እልም አለ። እህቴ መጀመሪያ ባሏን ዐየች፣ ቀጥላ እኔን ዐየች። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሙሽራውን ዐየሁት። እሷም ዓይኔን ተከትላ ዐየችው። ፊቱ አቧራ ለብሷል፤ አፍንጫውና የአፍንጫው ዙሪያ ብቻ የታጠበ ይመስል ንጹሕ ነው። ጉዳችን ወጣ።

ትስቃለች ብዬ ነበር። እህቴ ለሳቅ ሩቅ ሴት አይደለችም። ስልኩን እንደያዘች ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ እንባዋ መጣ።

«ሦስት ሌሊት ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ተኛሁ እኮ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ፣ ምን ያህል ነገር ሆኖ ነው...»

«ዝም በል። ከክፍሉ የወጣሁት ስለምታንኮራፋ ይመስልሃል? ማንኮራፋትህንማ ለምጄዋለሁ፣ ስታንኮራፋ ነው የምተኛው። የምነቃው ዝም ስትል ነው። ዝም ስትል እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። ሃያ ላይ ትተነፍሳለህ፣ ሠላሳ ላይ ትተነፍሳለህ። አንድ ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ደርሼ፣ ልጮህ አፌን ስከፍት ነው የተነፈስከው። አጠገብህ ተኝቶ መቁጠር ሲያቅተኝ ግድግዳ በመሃላችን አደረግሁ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜም እቆጥራለሁ። አራት ወር ሙሉ። ከዚያ ማሽኑ መጣ። የሚቆጥርልኝ አገኘሁ ብዬ ጥጥ ጠቅጥቄ ተኛሁ። አንተ እዚያ ብቻህን ነበርክ። ሦስት ሌሊት ማንም አልቆጠረልህም።»

እኔ እዚያው ግድግዳ ሥር ስንት ዓመት ተኝቼ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው። ዝምታውን ልብ ብዬው አላውቅም። አፈርኩ።

ሚሊሜትር መልስ የማያጣ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ካውያውን አስቀመጠ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አደረገና «እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው» አለ።

«ዐውቃለሁ» አለች እህቴ።

«ሄሎ? አላችሁ?» አለች ነርሷ።

እህቴ አፍንጫዋን ጠራርጋ ሁሉንም ነገረቻት፣ ሙሽራውን ጨምራ። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ፤ ነርሷ ስልኩን በእጇ ከድና ስትስቅ የነበረ ይመስለኛል። ስትመለስ ግን ቆፍጠን ብላ ነው። «ሦስቱን ሌሊት እሰርዛቸዋለሁ። የቀረው ሃያ ቀን ነው፣ የሚያስፈልገውም ሃያ ነው። ከእንግዲህ አንድም ቀን መጉደል የለበትም።»

«ማስኩን እንዴት ነው የሚያስሩት?» አለቻት እህቴ።

«ነግሬያቸው ነበር እኮ። ተኝተው፣ አየሩ እየነፋ፣ ላላ አድርገው። ቆመው አይሞከርም፤ ሰው ሲተኛ ፊቱ ቅርፁን ይለውጣል። ቀን ቢተኙም ይቆጠርላቸዋል፤ ማሽኑ ከቀትር እስከ ቀትር ያለውን ነው የሚደምረው።»

«ተኝተው» ብላ ደገመች እህቴ፣ ባሏን እያየች።

ስልኩ ሲዘጋ ሚሊሜትር ነፍስ ዘራ። «በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ ሰው አጋድሜ ለክቼ አላውቅም» አለ። «ተጋድሞ የሚለካ ሬሳ ነው። ልብስ የሚለካው ቆሞ ነው፣ ቀጥ ብሎ።»

«ቆመህ ነው የምትተኛው?» አለችው።



ከምሳ በኋላ የመቁረጫው ጠረጴዛ ተጠረገ። ሚሊሜትር ጫማውን አውልቆ ወጣና ጨርቅ ሲቆርጥበት በኖረው ጣውላ ላይ ተጋደመ፤ ራሱ ሥር እህቴ የትከሻ መሙያ ስፖንጅ አደረገችለት። ማሰሪያውን አነሳችና እሱ በሰባት ቀን ያጠበበውን ስፌት በምላጭ ትፈታው ጀመር። በያንዳንዷ ክር ፊቱን ያጨማድዳል። «ቀስ በይ፣ እሷ በእጅ የተሠራች ናት» ይላል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሁሉንም ፈታችው።

ማስኩን አፍንጫው ላይ አድርጋ ማሽኑን ለቀቀችው። «ይሄማ ልል ነው!» ሊል አፉን ሲከፍት በአፍንጫው የገባው አየር በአፉ ፉር ብሎ ወጣ። እንደገና ሊናገር ሞከረ፤ እንደገና ፉር አለ። «አፍህን ካልዘጋህ አይሠራም» አለችው እህቴ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖራ እንዲህ ያለ ዕቃ አግኝታ አታውቅም፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

ከዚያ ዝቅ ብላ ጆሮዋን ወደ ማስኩ አስጠጋችና የሚያፏጭበትን ቦታ ፈለገች። በግራ በኩል ማሰሪያውን ለቀቅ አደረገችው። ሁለት ጣቷን ከሥሩ አስገብታ አየች። በቀኝ በኩልም እንዲሁ። ማስኩ እፍ እንደተባለ ፊኛ ነፋ ብሎ ጉንጩ ላይ ተቀመጠ፤ ፉጨቱ ቀነሰ፣ ቀነሰና ጠፋ። ሲጠብቅ ያፈሰሰ ሲላላ ያዘ። እንደ ውሃ ሰው ይህን ማመን ይከብደኛል፣ ግን ቆሜ ዐይቻለሁ። ማሰሪያው የቆመበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

ሚሊሜትር ጣሪያ ጣሪያውን ዐየ። ዐይኑን ከደነ፣ ገለጠ፣ መልሶ ከደነ። ጠረጴዛ የሚጎትተውን ሰውዬ ቆመን ጠበቅነው፤ አልመጣም። እግሩ እንዳይበርደው እህቴ ቅርብ ያገኘችውን ጨርቅ አነሳች፤ የዳኛው ጥቁር ሱፍ ነበር። እስከ አገጩ ድረስ አለበሰችው። እኔ ወደ ቆጣሪዎቼ ተመለስኩ።

ልቤ ግን ሥራዬ ላይ አልነበረም። አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሊመሽ ሲል ስመለስ ጡረተኛው ዳኛ ሱቁ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«መቼ ነው የሞተው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። አልፈርድባቸውም። ሚሊሜትር ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፣ እስከ አገጩ ጥቁር ለብሷል፣ እጁ ደረቱ ላይ ነው። እህቴ አጠገቡ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ግንባሯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደፍታለች። መስኮቱ ጋ ሙሽራው ሱፉን ግጥም አድርጎ እንደ ለቀስተኛ ቆሟል።

«አልሞቱም፣ ተኝተው ነው» አልኳቸው።

«እኔንም ሲያረዱኝ እንዲህ እያሉ ነው» አሉ ዳኛው በሐዘን።

«አባባ፣ ሙት አያስነጥስም» አልኩ፤ ሚሊሜትር በዚያች ደቂቃ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ማስኩ ውስጥ አንዴ አስነጥሶ ነበር። ዳኛው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ጠጋ ብለው አስተዋሉት። «እኔ ላይ የተኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «ያኔ ያስፈራ ነበር። ዛሬ መልኩ ተመልሷል።» ቀጥለው ጨርቁን አዩት። «የለበሰው የኔን ነው?»

«የእርስዎን ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ይሁን» አሉ።

የማሽኑን ቁጥር ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ይላል። አራት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ይቀራል፤ ያቺ አሥር ደቂቃ ከጎደለች ደግሞ ሌሊት እንደሚተኛ በምን አውቃለሁ? ለዳኛው በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሊሄዱ ይሆናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በሩን በጀርባቸው ከልለው ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ሰውዬ ዚፕ ሊያስቀይር ሲመጣ በእጃቸው ብቻ አቆሙት፤ ችሎት የለመደ እጅ ነው፣ ሰውየው ዚፑን ይዞ ተመለሰ። ቁጥሩ አራት ሲል ለዳኛው አራት ጣቴን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ነገ እመጣለሁ። እንዳትቀሰቅሳቸው» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ልናገር። የሠላሳኛው ቀን ወረቀት ዛሬ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሃያ ይላል። አሥራ ስድስተኛው ቀን አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው፤ ሚሊሜትር «ትርፍ ጨርቅ የለውም» ይላል ሲያሳይ። ከግርጌው ነርሷ በእጇ «ሁሉንም ሲተነፍሱ» ብላ ጽፋበታለች። አልጋዬ ተመልሶልኛል። ግራጫው ሱሪ አልተሰፋልኝም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያንን የመጀመሪያውን ምሽት ነው። ዳኛው ከሄዱ በኋላ መቀስቀስ እችል ነበር። እህቴን ጠጋ ብዬ አየኋት። አንድ እጇ ጨርቁ ላይ ነው፤ በሌላው እጇ ክር ያለበት መርፌ እንደያዘች፣ ቁልፉ በግማሽ ተሰፍቶ ቀርቷል። በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ላይ መኪና ይጮሃል፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የለም። መርፌውን ከጣቷ ቀስ ብዬ አወጣሁ፤ አልነቃችም። «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ወደ ውጭ አዞርኩና በሩ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ።

ተቀምጬ ሳለ ድንገት አንድ ነገር ፈራሁ። እሷ ከተኛች ማን ይቆጥርለታል? ቁጥር ማንበብ ሥራዬ ነው። የሚሊሜትር ደረት ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ዝቅ እስኪል ጠበቅኩና ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ሦስት ሳልል ደረቱ ከፍ አለ። እንደገና ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ጨልሞ መብራት እስካበራ ድረስ ስቆጥር ቆየሁ፣ ሦስት ላይ አልደረስኩም።